አጥንት ሲሳሳ አያምም

«ለጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል። ብርዱ ሲበረታ አጥንቱን ጋጥ፣ መረቁን ፉት ማለት ነው መድኃኒቱ። የአጋጣሚ ነገር ሆኖ የዓለም የአጥንት መሳሳት ቀንም የሚውለው በዚሁ ወር ነው፤ ጥቅምት 10፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 20። ከእሱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 8፣ የዓለም የማረጥ ቀን አለ። ቀኖቹ ለምን እንደተጠጋጉ እንጃ፣ ጉዳዮቹ ግን እናትና ልጅ ናቸው።

እቴቴ የምንላት አክስቴ በ58 ዓመቷ፣ በክረምት፣ የተሰጣ ልብስ ከዝናብ ልታስገባ ስትሮጥ ጓሮ ውስጥ አዳለጣት። በእጇ ተመርኩዛ ወደቀች። ከደረጃ አልተንከባለለች፣ መኪና አልገጫት፤ ከቁመቷ ነው የወደቀችው። የእጇ አንጓ ግን ተሰበረ። ወጌሻ ተጠርቶ አሸት አሸት አደረገና በሸምበቆ ጠፍሮ አሰራት። እጇ ሲያብጥ ጊዜ ሐኪም ቤት ተወሰደች፣ ራጅ ተነሳች፣ ጀሶ ታሰረላት፣ ዳነች። ሁላችንም «ተመስገን፣ በእጅ አለፈ» አልን።

ከአራት ዓመት በኋላ ውኃ የሞላ ጀሪካን ብድግ ስታደርግ መሃል ጀርባዋ ላይ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ብርድ ነው ተባለ። ምች ነው ተባለ። ቅባት ተቀባች፣ ጠበል ተጠመቀች፣ ወራት አለፉ። በመጨረሻ ያያት ሐኪም የጀርባ አከርካሪዋ አንዱ አጥንት ከፊት በኩል ተጨፍልቆ እንደ ሽብልቅ መሆኑን በራጅ አሳያትና «ከዚህ በፊት አጥንት ተሰብሮብዎት ያውቃል?» አላት። ይህን የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ወጌሻው፣ ጀሶ ያሰረላት ባለሙያም ሆነ እኛ ዘመዶቿ፣ አንዲት ሴት ከቁመቷ ወድቃ አጥንቷ ለምን እንደሚሰበር አልጠየቅንም። ጤነኛ አጥንት ያን ያህሉን መውደቅ መቻል ነበረበት።

የጭቃ ቤቱና ሁለቱ ጓዶች

አጥንትን ብዙዎቻችን እንደ ድንጋይ እናየዋለን፤ አንዴ ከጠነከረ የጠነከረ። እንደ ጭቃ ቤት ብናየው ይሻላል። ጭቃ ቤት የሚቆመው በየጊዜው ስለሚመረግ ነው፤ የተሰነጠቀው ይፋቃል፣ አዲስ ጭቃ ይለጠፋል። በአጥንታችን ውስጥም ሁለት ጓዶች ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ይሠራሉ። አንደኛው ያረጀውን አጥንት እየቦረቦረ ያነሳል፤ ሕዋሳቱ ኦስቲዮክላስት ይባላሉ። ሁለተኛው የተቦረቦረውን ይሞላል፤ ኦስቲዮብላስት ይባላሉ። በአዋቂ ሰው በየዓመቱ ከጠቅላላው አጥንት 10 በመቶ ያህሉ እንዲህ ይታደሳል። እስከ 30 ዓመት ገደማ ገንቢው ጓድ ይቀድማል፤ የዕድሜ ልክ ተቀማጫችን የሚከማቸው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ለጥቂት አሥርት ዓመታት ገቢና ወጪው ተቀራርቦ ይሄዳል።

የሁለቱ ጓዶች ፍጥነት እኩል አይደለም። አፍራሹ አንድን ቦታ በሁለት ሦስት ሳምንት ቆፍሮ ይጨርሳል፤ ገንቢው ያንኑ ለመሙላት ሦስት ወር ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ይህ ችግር የማይሆነው አፍራሹን የሚቆጣጠር አለቃ ስላለ ነው። በሴት ላይ ያ አለቃ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ነው፤ ከእንቁላል ማምረቻዎቿ የሚመነጨው። ኤስትሮጅን አፍራሾቹ እንዳይበዙና ዕድሜያቸውም እንዳይረዝም ይይዛቸዋል። የወር አበባ ሲቋረጥ አለቃው ሥራውን ለቅቆ ይሄዳል፤ ቁፋሮው በየቦታው ይጀመራል፣ ሙሊቱ አይደርስበትም።

ለዚህ ነው ከማረጥ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ አምስት ዓመታት አንዲት ሴት በአማካይ ከአጥንቷ ጥግግት አንድ አሥረኛ የሚሆነውን የምታጣው። በአንዳንዶች ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ውስጥ 20 በመቶ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ይበርዳል እንጂ አይቆምም። ወንዶችም አጥንታቸው ይሳሳል፤ ግን እንዲህ ያለ ገደል ስለሌለባቸው ዘግይቶና ቀስ ብሎ ነው። ይህን ግንኙነት በግልጽ ያስቀመጠው በቦስተን ይሠራ የነበረው ሐኪም ፉለር ኦልብራይት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1941 አጥንታቸው የሳሳባቸው ሕሙማኑ በአብዛኛው ያረጡ ሴቶች መሆናቸውን አስተውሎ ጻፈ።

ጉዳቱ መጀመሪያ የሚበረታው አጥንት ውስጡ እንደ ስፖንጅ በሆነበት ቦታ ነው፤ በአከርካሪ፣ በእጅ አንጓ፣ በዳሌ መገጣጠሚያ። እንጀራ የምትጋግር ሴት ይህ አይጠፋትም፦ ዓይኑ መጠነኛ የሆነ እንጀራ ሲያነሱት ይታጠፋል እንጂ አይቀደድም። ዓይኑ ሰፍቶ በዓይንና በዓይን መካከል ያለው ክር ሲቀጥን ግን ከሰፌድ ሲያነሱት ይበጣጠሳል። በሐኪሞች ቋንቋ ኦስቲዮፖሮሲስ ይህ ነው፤ በአማርኛ አንዳንዱ የአጥንት መሳሳት፣ አንዳንዱ የአጥንት መቦርቦር ይለዋል።

ማረጥ ስንል የወር አበባ ለተከታታይ 12 ወር ሳይመጣ ሲቀር ማለት ነው። በአብዛኛው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ይደርሳል። ከ45 በፊት ከመጣ ቀድሟል፤ ከ40 በፊት ከመጣ ደግሞ ሐኪም ማየት አለበት። በቀዶ ሕክምና ሁለቱም የእንቁላል ማምረቻ የወጣላት ሴት ያረጠችው በዚያው ቀን ነው። አለቃው ቀደም ብሎ በሄደ ቁጥር ያለ ተቆጣጣሪ የሚያልፉት ዓመታት ይበዛሉ። በእኛ ዘንድ ግን ስለዚህ ነገር ሐኪም የምታማክር ሴት ጥቂት ናት። እንዲያውም ብዙዎቹ እንደ እፎይታ ነው የሚያዩት፤ ወሊድ አበቃ፣ በወር አበባ ምክንያት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ መቆምም ቀረ። እፎይታው እውነተኛ ነው። በዚያው ዓመት አጥንት ውስጥ የተጀመረውን ቁፋሮ የሚነግራት ሰው አለመኖሩ ነው የሚያሳዝነው።

«ቁርጥማት እኮ አለብኝ»

ስለዚህ በሽታ ከእናቶች ጋር ሲወራ የሚሰማው የመጀመሪያ መልስ ይሄ ነው። ጉልበቴን ይቆረጥመኛል፣ ጣቶቼን ጠዋት ጠዋት ያሳስረኛል፣ ወገቤ ብርድ ገብቶታል። እነዚህ ሁሉ ሕመሞች ናቸው፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የመገጣጠሚያ ወይም የጡንቻ ናቸው እንጂ የአጥንት መሳሳት አይደሉም። የሳሳ አጥንት ሳይሰበር በፊት አያምም፤ አይቆረጥምም፣ አይነዝርም። ከዚህ የተነሳ ሁለት ስህተት በአንድ ቤት ይሠራል። ጉልበቷን የሚያማት እህት ካልሲየም እየገዛች ትውጣለች። ምንም የማያማት እህቷ «እኔ ደህና ነኝ» ብላ ትቀመጣለች። አጥንቷ የሳሳው ሁለተኛይቱ ልትሆን ትችላለች።

የአከርካሪ ስብራት እንኳ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል። ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ሲደርሱ እንደ ስብራት አይቆጠሩም፤ «ወገቤን ያዘኝ» ተብሎ ይታለፋል። ምልክቱን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። ቀሚስ ይበቃል። ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀር የነበረ የሐበሻ ቀሚስ መሬት መጥረግ ከጀመረ ቀሚሱ አልረዘመም። ከወጣትነት ቁመት 4 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ማጠር ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው። ግድግዳ ላይ ጀርባን ተደግፎ ሲቆሙ የጭንቅላት ኋላ ግድግዳውን መንካት ካቃተው እሱም ምልክት ነው። እኛ ግን የእናቶቻችንን ጎብጦ መሄድ ከምርኩዝና ከነጭ ፀጉር ጋር አንድ ላይ «ዕድሜ» ብለን ዘግተነዋል።

የጀርባ ሕመም ሁሉ ግን የዚህ በሽታ አይደለም፤ ይህን ሳልናገር ብቀር ስህተት ይሆንብኛል። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ አለ። ከጀርባ ሕመም ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ፣ ወይም ካንሰር ታክማ የምታውቅ ሴት አዲስ የጀርባ ሕመም ከጀመራት፣ መመርመር ያስፈልጋል። እግር ከዛለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ደግሞ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መድረስ ነው።

በዓለም ደረጃ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ከሆነ ሦስት ሴቶች አንዷ በቀሪ ዘመኗ በዚህ ምክንያት ስብራት ይደርስባታል፤ ከወንዶች ከአምስት አንዱ። አብዛኛውን ጊዜ አንጓ ይቀድማል፣ አከርካሪ ይከተላል፣ ዳሌ በስተርጅና ይመጣል። የዳሌ ስብራት ከሁሉ ይከፋል፦ ከተሰበሩት ከአምስቱ አንዱ ያህል በአንድ ዓመት ውስጥ ይሞታል፤ ከተረፉት ብዙዎቹ እንደ ቀድሟቸው ብቻቸውን አይራመዱም። በቀላል ውድቀት የተሰበረ አንጓ ማለት ስለዚህ በእጅ ያለፈ አደጋ ሳይሆን አስቀድሞ የደረሰ መልእክት ነው።

ማን ላይ ይበረታል?

ቀጫጫነት፣ ቀድሞ ማረጥ፣ እናት ወይም አባት ዳሌ ተሰብሮባቸው ከሆነ፣ ሲጋራና መጠጥ። እነዚህ የታወቁ ናቸው። ብዙም የማይወራላቸው መድኃኒቶች ናቸው። ለአስም፣ ለቆዳ ወይም ለመገጣጠሚያ በሽታ ተብሎ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የሚወሰድ ፕሬድኒሶሎን ከሁሉም ይበልጥ አጥንት ያሳሳል። አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፣ ከኤችአይቪ መድኃኒቶች ቴኖፎቪር፣ የጡት ካንሰር ተመልሶ እንዳይመጣ የሚሰጡ ኤስትሮጅን የሚያጠፉ ክኒኖችም እንዲሁ። እነዚህን ማንም በራሱ እንዳያቆም፤ ሐኪሙን «አጥንቴስ?» ብሎ መጠየቅ ነው የሚገባው።

በመርፌ የሚሰጠው የወሊድ መከላከያ፣ ዴፖ የሚባለው፣ በኢትዮጵያ ብዙ ሴቶች የተጠቀሙበት ስለሆነ ጥያቄው ይነሳል። በሚወሰድበት ጊዜ የአጥንት ጥግግት ይቀንሳል፤ ሲቆም በአብዛኛው ይመለሳል። ልጅ መውለድና ማጥባትም ተመሳሳይ ነው። «ልጆቼ አጥንቴን በሉት» የሚሉ እናቶች ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ በሚያጠቡበት ወራት ካልሲየም ከአጥንት ይወጣል። ጡት ሲጣል ግን ሰውነት መልሶ ይከፍላል። ስለዚህ ስምንት ወልጄአለሁና አለቀልኝ ማለት ልክ አይደለም።

«ጥቁር ሰው አጥንቱ ጠንካራ ነው» የሚባለውም ይሰማል። በአሜሪካ የጥቁር ሴቶች አጥንት በአማካይ ከነጮቹ ይልቅ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ስብራታቸውም ያነሰ ነው፤ ይህ እውነት ነው። አማካይ ግን ለአንዲት ሴት ዋስትና አይሆናትም። ይህንኑ ተማምኖ ሐኪሙም ሴቲቱም ምርመራውን ይዘሉታል፤ ሲሰበሩ ደግሞ የሚደርስባቸው ጉዳት የከፋ ሆኖ ተገኝቷል።

መሣሪያ በሌለበት ለሚኖር ሰው አንዲት ቀላል ስሌት አለች። ክብደትን በኪሎ ወስደው ዕድሜን ይቀንሱለት፤ የወጣውን በ0.2 ያባዙ። 45 ኪሎ የምትመዝን የ70 ዓመት እናት ውጤቷ -5 ይሆናል፤ 70 ኪሎ የምትመዝን የ55 ዓመት ሴት ደግሞ 3። ከ-4 በታች ከፍተኛ ስጋት ተብሎ ይያዛል። ስሌቱ የተሠራው ለእስያ ሴቶች ነው፤ የቀድሞ ስብራትንም ፕሬድኒሶሎንንም አይቆጥርም። ሐኪም ጋ ይዞ ለመቅረብ ግን ጥሩ መነሻ ነው።

መረቁ፣ ቅቤውና ጎመኑ

ወደ ጥቅምት አጥንት እንመለስ። አጥንት ስለበላን አጥንታችን አይጠነክርም። መረቅ ውስጥ የሚገኘው ካልሲየም ለወሬ የማይበቃ ነው፤ ካልሲየሙ ድስቱ ውስጥ ሳይሟሟ ከአጥንቱ ጋር ይጣላል። ቅልጥምም ስብ ነው። ቅቤም እንዲሁ፤ ወተቱ ተንጦ ቅቤ ሲወጣ ካልሲየሙ አሬራው ውስጥ ይቀራል። አይብ ላይም የሚያስገርም ነገር አለ፦ ወተቱ ኮምጥጦ ስለሚረጋ ካልሲየሙ ጥሩ ድርሻው ሟሙቶ ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። ልጅ ሆነን «አጓት ለውሻ» ስንል ዋጋውን አላወቅንም።

ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ሴት በቀን 1200 ሚሊግራም ካልሲየም ያስፈልጋታል፤ ከዚያ በታች ለሆነች 1000። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ ወደ 300 ሚሊግራም ይሰጣል። በኦርቶዶክስ ቤት ግን ጥያቄው ወዲያው ይመጣል፤ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ጾም ነው፣ ወተት የለም። እዚህ ላይ ያለን ሀብት ጤፍ ነው። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ወደ 180 ሚሊግራም ካልሲየም ሲኖረው፣ የስንዴ ወይም የሩዝ ዱቄት ከዚህ ሲሶውንም አይደርስም። ጤፍ ውስጥ ካልሲየሙን ጨምድዶ የሚይዝ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፤ ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲብላላ ግን ይቀንሳል። የአያቶቻችን ትዕግሥት ለጣዕም ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ጤፉን በሩዝና በስንዴ ቀላቅለን በአንድ ሌሊት ስናስቦካው ሁለቱንም እናጣለን።

ከዚያ ጎመን። ጎመን ውስጥ ያለው ካልሲየም በሰውነት የመወሰድ አቅሙ ከወተትም አይተናነስም። ቆስጣ ግን መልኩ ነው እንጂ አይደለም፤ እንደ ስፒናች ኦክሳሌት ስለሚበዛበት ካልሲየሙ ታስሮ ይወጣል። በጾም ገበያ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ካሉ ለአጥንት የሚገዛው ጎመን ነው። ሰሊጥና ተልባ ይረዳሉ። ዓሣ ከሚበላበት ቤት ደግሞ ከነአጥንቱ የሚበላ የቆርቆሮ ሰርዲን ጥሩ ነው። የአጥንት መዋቅር ፕሮቲንም ነውና ሽሮና ምስር አይናቁ፤ በስተርጅና እንጀራ በሻይ እየበሉ የሚውሉ እናቶች ጉዳት ብዙ ጊዜ ከዚህ ይጀምራል።

የካልሲየም ክኒን ምግቡ ለማይበቃት ሴት ነው። በአንድ ጊዜ ከ500 ወይም 600 ሚሊግራም በላይ ሰውነት በደንብ አይወስድም። በላይ በላዩ መዋጥ ደግሞ ትርፉ የሆድ ድርቀትና የኩላሊት ጠጠር ነው። ስለ ቡና ብዙዎች ይጨነቃሉ። ከአቦል እስከ በረካ በስኒ መጠጣት አጥንት አያፈርስም፤ የሚያጠፋት ጥቂት ካልሲየም በጉርሻ ጎመን ትመለሳለች።

ካልሲየምን ከአንጀት ወደ ደም የሚያስገባው ቫይታሚን ዲ ነው፤ እሱም በአብዛኛው ከፀሐይ ይገኛል። የ13 ወር ጸጋ ባለበት አገር እጥረቱ የሚኖር አይመስልም። ጠቆር ያለ ቆዳ ግን ይህን ለመሥራት ከነጣ ቆዳ ይልቅ ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ሱቅ፣ ቢሮና ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትውል፣ ስትወጣም የምትሸፈን ሴት አታገኘውም። በመስኮት መስታወት የሚገባ ፀሐይ ይሞቃል እንጂ ቫይታሚን አይሠራም። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በገቡ ሴቶች ላይ ከፍተኛ እጥረት እንዳለ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይታወቃል። በስዊድንና በኖርዌይ ክረምት ፀሐይዋ ብትወጣም ለዚህ ሥራ አቅም የላትም። በዓረብ አገር ቤት ውስጥ ተቀጥራ ዓመቱን ሙሉ ደጅ የማትወጣ እህት ደግሞ በፀሐይ አገር ያለ ፀሐይ ትኖራለች። የሚመከረው እስከ 70 ዓመት በቀን 600 ዩኒት፣ ከዚያ በኋላ 800 ነው።

ምርመራው

«ራጅ ተነስቼ አጥንትሽ ደህና ነው ተባልኩ» የምትል ሴት ገና መልሱን አላገኘችም። ተራ ራጅ መሳሳቱን የሚያሳየው የአጥንቱ ሲሶ ያህል ካለቀ በኋላ ነው። ለዚህ የተሠራው መሣሪያ ዴክሳ ይባላል። ተኝተው በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ አያምም፣ ጨረሩም ትንሽ ነው። የሚሰጠው ቁጥር ቲ-ስኮር ይባላል፤ የእርስዎን አጥንት ከጤናማ ወጣት ሴት አጥንት ጋር ያነጻጽራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መለኪያ ከ-1 በላይ ደህና፣ ከ-1 እስከ -2.5 ባለው መካከል መቀነስ የጀመረ፣ -2.5ና ከዚያ በታች የሳሳ ነው። ቁጥሩ ከዜሮ እየራቀ ሲወርድ ነገሩ ይከፋል። «2.9 አገኘሁ፣ ከጎረቤቴ እበልጣለሁ» ብላ ደስ ያላት ሴት አጋጥማኛለች፤ ከፊቱ ያለችዋን ጭረት አላየቻትም።

በአሜሪካ ለምትኖር እናት ይህ ምርመራ ከ65 ዓመት ጀምሮ ለማንኛዋም ሴት ይመከራል፤ ከዚያ በፊትም አርጣ ሌላ ስጋት ካለባት። ሜዲኬር በየሁለት ዓመቱ ይከፍላል። በኢትዮጵያ መሣሪያው እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል፦ ያረጠች ሴት በቀላል ውድቀት ወይም ያለ ውድቀት አከርካሪዋ ወይም ዳሌዋ ከተሰበረ፣ ሌላ በሽታ አለመሆኑ ከተረጋገጠ፣ ስብራቱ ራሱ ምርመራው ነው። ሕክምና ለመጀመር ዴክሳ መጠበቅ የለባትም።

ማክሰኞ ጠዋት

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታዘዘው አሌንድሮኔት ነው፤ አፍራሹን ጓድ የሚያደክም መድኃኒት። የ70 ሚሊግራሟ ክኒን በሳምንት አንድ ቀን ትዋጣለች። አከርካሪያቸው አስቀድሞ በተሰበረ ሴቶች ላይ ቀጣዩን የአከርካሪና የዳሌ ስብራት በግማሽ ያህል ቀንሷል። አወሳሰዷ ግን ክብር ትፈልጋለች። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ተራ ውኃ ተውጣ፣ ለ30 ደቂቃ ምግብም ቡናም ወተትም የለም፤ መተኛትም የለም። በቡና ከተዋጠች ሰውነት የሚያገኘው በግማሽ ያንሳል። ውጠው ጋደም ካሉ ደግሞ ጉሮሮ ታቆስላለች።

እስከ ቀትር ለሚጾሙ እናቶች ይህ ፈተና ነው፤ መፍትሔው ቀን መምረጥ ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆኑ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ይያዝ። በዐቢይ ጾም ከንስሐ አባትና ከሐኪም ጋር መነጋገር ይሻላል። በረመዳን ደግሞ ከሱሁር ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ተነስቶ መውሰድ ይቻላል። ክኒኑ ለማይስማማት በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ዞሌድሮኒክ አሲድ አለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሐኪም ዕረፍት ሊሰጥ ይችላል። ጥርስ ከመነቀልዎ በፊት ግን ይህን መድኃኒት እንደሚወስዱ ለጥርስ ሐኪሙ ይንገሩ፤ እምብዛም የማይደርስ ቢሆንም የመንጋጋ አጥንት ቁስል ያመጣል።

በየስድስት ወሩ ከቆዳ ሥር የሚወጋው ዴኖሱማብ ውጭ አገር ባሉ እናቶች ዘንድ እየተለመደ ነው። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ይህ መርፌ ሲቋረጥ አፍራሾቹ በአንድ ጊዜ ይነቃሉ፤ በተከታታይ ብዙ አከርካሪ የተሰበረባቸው ሰዎች አሉ። መርፌዋን ተወግታ «ለአንድ ዓመት አገሬ ገብቼ ልምጣ» የምትል እናት ትኬት ከመቁረጧ በፊት ቀጣዩን መርፌ የት እንደምታገኝ ወይም በምን እንደሚተካ ሐኪሟን መጠየቅ አለባት።

ኤስትሮጅኑን መመለስስ? እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ከ16,000 በላይ ሴቶች ላይ የተካሄደ ትልቅ ጥናት ኤስትሮጅንና ፕሮጀስቲን አብረው ሲሰጡ የዳሌ ስብራትን በሲሶ ቢቀንሱም የጡት ካንሰርን ከፍ እንዳደረጉ ስላሳየ በመሃል ቆመ። ዓለም ደነገጠ፣ ብዙ ሴት ሆርሞኑን ጣለች። አሁን ያለው አስተያየት ረገብ ያለ ነው፦ ከ60 ዓመት በታች ለሆነች ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት፣ ሙቀቱና ላቡ ለሚያስቸግራት ሴት ጥቅሙ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። በተለይ ከ40 በፊት ላረጠች።

አጥንት ጭነት ካልተሰማው ይሰንፋል። ክብደት በሌለበት ጠፈር የሚቆዩ ሰዎች ከዳሌ አጥንታቸው በየወሩ 1 በመቶ ያህል ያጣሉ። መራመድ፣ ደረጃ መውጣት፣ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ ደጋግሞ መነሳት ይጠቅማል። አከርካሪዋ የሳሳ ሴት ግን ጎንበስ ብላ ከባድ ነገር አታንሳ፤ ጀሪካኑን ሌላ ሰው ይያዝላት። ከዚያ የሚቀረው አለመውደቅ ነው። መብራት በጠፋበት ሌሊት ወደ ውጭ መጸዳጃ የሚወስደው መንገድ፣ ያረጀ ነጠላ ጫማ፣ የሞራ ግርዶሽ ያለበት ዓይን፣ ሲነሱ የሚያዞር የደም ግፊት ክኒን፤ ዳሌ የሚሰበረው በእነዚህ ነው። አንድ የእጅ ባትሪ ትራስ ሥር ማስቀመጥ ከብዙ ክኒን ይበልጣል።

እቴቴ ክኒኗን ማክሰኞ ማክሰኞ ትወስዳለች። ጠዋት ለቡና የሚመጡት ጎረቤቶቿ ያን ቀን ግማሽ ሰዓት መጠበቅን ለምደዋል፤ ቡናው ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ እሷ ግን ቆማ ትጠብቃለች እንጂ አትቀመጥም። ባለፈው ከመካከላቸው አንዷ የክኒኑን ካርቶን አንስታ ስታገላብጥ ቆየችና እጅጌዋን ሰብስባ አንጓዋን አሳየቻት። በፋሲካ ሰሞን በረንዳ ላይ ወድቃ የተሰበረ ነው። «እኔንም ወጌሻ ነው ያሰረኝ» አለች።